ክትፎው ስም አለው፤ ተወዛዋዡስ?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ስለ ባህል ምግብ ቤቶች የጻፈውን ሁላችሁም አንብባችሁታል። ባጭሩ፣ ባህላችን በሳህን ቀርቦ ተሸጠ፣ እስክስታው የእራት ማባያ ሆነ፣ ሰፊው ሕዝብ ልጁን ሲድርና አዝመራውን ሲሰበስብ የሚጨፍረውን ጭፈራ ንዑስ ከበርቴው በቢራ አወራረደው የሚል ነው። ጽሑፉ ያማረ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ጮክ ብዬ ስቄያለሁ። ከአልጋቸው በላይ ግድግዳ ላይ የለጠፉትም አሉ። እኔም ላጨበጭብ እጄን ካነሣሁ በኋላ ነው አንድ ማታ ያደናቀፈኝ። መጀመሪያ ስለዚያ ማታ ልንገራችሁ፤ ከዚያ እንከራከራለን።

ከኛ ዶርም ያለ ልጅ፣ ያጎቱ ልጅ ከአሜሪካ ለሦስት ሳምንት መጥቶ «ጓደኞችህን ይዘህ ና፣ እራት እጋብዛችኋለሁ» አለው። አራት ሆነን ሄድን። ከሰኞ እስከ እሑድ ከካፌው ሽሮ ጋር ትግል ለያዘ ተማሪ እንዲህ ያለ ግብዣ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም። ከመካከላችን ለእራቱ ሲል ምሳውን የዘለለም ነበረ። ስሙን አልጠራም፤ እኔ ነኝ።

ቤቱ ወደ ቦሌ መውጫ ነው። የቤቱንም ስም አልጠራም። ምክንያቱም እሱን የመሰለ ቤት ብዙ ነው፤ አንዱን ብጠራ ሌሎቹን ነፃ ማውጣት ይሆንብኛል። በር ላይ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ልጅ እጃችንን አስታጠበችን። ግድግዳው ላይ ጋሻ፣ አገልግልና ከበሮ ተሰቅሏል። ሞሰቡን ከበን ተቀመጥን፤ የምግብ ዝርዝሩም መጣ። ስምንት ገጽ ነው። ልዩ ክትፎ፣ ክትፎ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ ጎረድ ጎረድ፣ ዶሮ ወጥ፣ ዝልዝል ጥብስ፣ ዱለት፣ የጾም በያይነቱ። ቅቤው ከየት እንደመጣ ተጽፏል። ጠጁ ደረቅ፣ መካከለኛና ለስላሳ ተብሎ በሦስት ተከፍሏል። የቢራዎቹ ስም ከነምልክታቸው አለ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ደግሞ አንዲት መስመር፦ ዘወትር ማታ የባህል ውዝዋዜ አለ።

ይችን መስመር ያኔ አላስተዋልኳትም። ክትፎው እየመጣ ነበር።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራቱ ቀነሰ፤ የመድረኩ መሪም ድምፅ ማጉያውን ያዘ። «ክቡራትና ክቡራን» ብሎ ጀመረና ስም ይጠራ ጀመር። ልደታቸውን የሚያከብሩትን ወይዘሮ ጠራ። ከትናንት ወዲያ የተጋቡትን ሙሽሮች ጠራ። ጋባዣችንንም «ከአሜሪካ የመጣው ወንድማችን» ብሎ ከነአባቱ ስም ጠራው፤ አስተናጋጁ ቀደም ሲል ጠይቆት ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ «እነሆ ተወዛዋዦቻችን!» አለ፤ ስድስት ልጆች፣ ሦስት ሴትና ሦስት ወንድ፣ እየሮጡ ወጡ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ኪቦርድ።

በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ልብስ ቀየሩ። ቆጥሬዋለሁ። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ትግርኛ፣ ወላይታ፣ ሲዳማ፣ የሸዋ ኦሮሞ፣ ሐረርጌ፣ ወሎ፣ መዝጊያው ጉራጌ። እዚህ ላይ ወንድማችን እውነት አለው፤ ሐቁን ልስጠው። የትግርኛው ኩዳ ክብ ነው። ከበሮው እስኪፈጥን ድረስ ቀስ ብሎ መዞር አለ፤ ያ ቀስታ ነው ኋላ የሚመጣውን ፍጥነት የሚያምረው። እነዚህ ሁለት ዙር ዞሩና ከበሮው ፈጠነ። የሐረርጌ ወጣቶች ፊት ለፊት ተያይተው ሌሊቱን የሚያነጉበት ሸጎዬ እንጀራው እስኪጨመርልን እንኳ አልቆየም። የሲዳማ ፊቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ በዓል ነው፤ እዚያ መድረክ ላይ የደረሰው ጊዜ አንዲት ብርሌ ጠጅ ከምትጠጣበት ያነሰ ነው።

መጨረሻ ላይ ጉራጌው መጣ። እግሩ እንዴት እንደሚፈጥን ታውቃላችሁ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ቁመቷ አጠር ያለችው፣ አንገቷ ላይ ያለው ጨሌ ተበጠሰ። ዶቃው መድረኩ ላይ ፈሰሰ። ባዶ እግሯን ናት። ቆመች? አልቆመችም። ፊቷም አልተለወጠም። እዚያው ዶቃው ላይ እየረገጠች ጨረሰችው፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ወጥታ ፈገግ አለችልን። አዳራሹ የትርኢቱ ክፍል መስሎት በጭብጨባ ተናጋ። አጠገባችን ያሉት ሰዎች በስልክ ይቀርጹ ነበር። ጋባዣችን ለያንዳንዳችን መቶ መቶ ብር ሰጠንና ተነሥተን በየግንባራቸው ለጠፍን። እኔም ለጥፌያለሁ። ከዚያች ልጅ ግንባር ላይ ነው የለጠፍኩት፤ ላቧ ብሩን ይዞ አስቀረው፤ ተመልሼም ጎረድ ጎረዱን ጨረስኩ።

ወደ አራት ሰዓት ተኩል ወጣን። ያጎቱ ልጅ ወደ ሆቴሉ ሄደ። እኛ ታክሲ እስክናገኝ ብለን ከዚያው ቤት ጀርባ ካለች አንዲት ግሮሰሪ ገባን። የሚያብረቀርቅ ነገር የላትም። የፕላስቲክ ወንበር፣ ኮሎ በሳህን፣ ድራፍት። በራሳችን ገንዘብ አራት ጃምቦ አዘዝን።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፍራለሁ፤ ግን ለዚሁ ነው የጻፍኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ባህል ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ የወንድማችንን ጽሑፍ በቃሉ ይዞታል። ሌላው «ኪቦርድ የገባበት ውዝዋዜ ውዝዋዜ አይደለም» አለ። ሦስተኛው ዘፈን የሚለውን ቃል መተንተን ጀመረ። (እሱም እኔ ነኝ። በግዕዝ ዘፈነ ማለት ጨፈረ ማለት ነው፤ ዛሬ ዘፈን የምንለው ድምፁን ብቻ ነው፤ አካሉን ከቃሉ ውስጥ አውጥተነዋል። ይህን ስል በጣም የረካሁ ይመስለኛል።) ሁለተኛው ጃምቦ ሲመጣ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተነገረ እንጃ።

በሩ ተከፈተና ሁለት ልጆች ገቡ። ጂንስ ሱሪ፣ ሹራብ፣ በፌስታል የተያዘ ልብስ። ከኛ ቀጥሎ ተቀመጡ፤ አንደኛዋ ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን በሶፍት ትጠቀልል ጀመር። ማን መሆኗን ያወቅነው ያኔ ነው። ሰርቪሱ እስኪመጣ እዚያች ግሮሰሪ ነው የሚጠብቁት።

እስቲ ፍረዱን። ከሁላችን መጀመሪያ የወጣው ቃል ምን ይመስላችኋል? «እህቴ፣ የጉራጌው ኦሪጅናል ነው?» አልናት።

ሳቀች። «ኦሪጅናሉ የት አገር ነው? እኔ የተወለድኩት ጎጃም በረንዳ ነው» አለች። ወንድማችን ሆይ፣ ይህን መልስ በጽሑፍህ ውስጥ የትኛው አንቀጽ ላይ ታገባዋለህ? የጉራጌውንም የሲዳማውንም የተማረችው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ያሠለጠናቸው ሰውዬ በደርግ ጊዜ የኪነት ልጅ ነበረ። «እሱ ዘጠኙንም ያውቃል፤ አንዱንም አገሩ ሄዶ አላየውም» አለችን።

እንግዲህ ታሪኩን እናውቀዋለን ካልን እንወቀው። የየአገሩን ውዝዋዜ ሰብስቦ በአንድ ማታ፣ በአንድ መድረክ፣ ልብስ እየቀየሩ ማሳየትን የፈጠረው የቦሌ ምግብ ቤት አይደለም። አገር ፍቅር ከተመሠረተበት ከ1927 ዓ.ም. ወዲህ፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ በምንለው ቴአትር ቤት፣ በኋላም በየቀበሌውና በየጦር ክፍሉ በተቋቋመው ኪነት ውስጥ ሲሠራ የኖረ የመድረክ ሥራ ነው። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» ተብሎ ባሕር ማዶ የዞረውም ይኸው ነው። መንግሥት ሲያደርገው «የሕዝቦች አንድነት» ተባለ፤ ነጋዴ ሲያደርገው «ባህል ተሸጠ» ተባለ። ጭፈራው ያው ጭፈራ ነው፤ ልዩነቱ ሌላ ነው። ቴአትር ቤቱ ተወዛዋዡን በመዝገብ ቀጥሮ፣ ደመወዝ ሰጥቶ፣ ጡረታ ቆርጦ ነው ያስጨፈረው። ትንሽ ደመወዝ ነው፤ አውቃለሁ። ግን መዝገብ ላይ ስም ነበረው።

ያቺ ልጅ ምን አላት? ጠየቅናት፤ ቢዘገይም ጠየቅናት። የወር ደመወዟ ያን ማታ ለአምስታችን ከተከፈለው ሒሳብ ያንሳል። ወረቀት የላትም። የታመመችበት ቀን ይቆረጣል። ግንባሯ ላይ የለጠፍነው ብር ማታውኑ ይሰበሰብና ግማሹ ለቤቱ ነው። መኖሪያዋ ጉርሻ ነው፤ ልብ በሉ፣ እኛ ሞሰቡ ዙሪያ በፍቅር የተጎራረስነውም ጉርሻ ነው የሚባለው። የተበጠሰውንም ጨሌ ከኪሷ ትከፍላለች። «አሥር ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ከደንበኛ ስሜን የጠየቀኝ የለም። ‹አንቺ አጭሯ› ነው የሚሉኝ» አለችን። ይህን ስትል አታለቅስም፤ ኮሎ እየበላች ነው።

አሁን የምግብ ዝርዝሯ መስመር ትዝ አለችኝ። ክትፎው ስም አለው። ቅቤው አገር አለው። ጠጁ ሦስት ማዕረግ አለው። ልደት አክባሪዋ ከነአባቷ ስም ተጠርታለች። ስድስቱ ልጆች ግን «ተወዛዋዦቻችን» ናቸው። «ችን»ዋን አስተውሉልኝ፤ ባለቤትነቱ አለ፣ ሰውየው የለም።

ስለዚህ ከወንድማችን የምለይበት ይህ ነው። እሱ ባህሉ ተሸጠ ብሎ ያዝናል። እኔ የተሸጠው ባህሉ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ለመሆኑ ጭፈራና ዜማ ያለ ዋጋ የኖሩት መቼ ነው? አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከመኳንንቱ ግብር ላይ የቆመው ለነፍሱ ነበረን? ካዛንችስ በ2017 ዓ.ም. ሳይፈርስ በፊት ከአዝማሪ ቤቶቹ የገባችሁ ታውቃላችሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የምትጨፍረው ልጅ ትከሻዋን ከአፍንጫህ ሥር ነው የምታራግፈው፤ አዝማሪው ስምህን ይጠይቅና በግጥም ያወድስሃል፤ ካልሸለምክ በግጥም ያሽሟጥጥሃል። ገበያ ነው። ግን የሁለት ሰው ገበያ ነው፤ አንተ ሰጪ ስትሆን እሱ ደግሞ ምላስ አለው። መላኩ በላይ ዛሬ ስሙ ባሕር ማዶ የሚጠራ ተወዛዋዥ ነው። እሱም ካዛንችስ ፈንድቃ በተባለው አዝማሪ ቤት ለዓመታት ደመወዝ ሳይኖረው በጉርሻ ጨፍሯል፤ ኋላ ቤቱን ራሱ ያዘው። ስንቱ ነው እንደሱ ስም ላይ የደረሰው? የቀሩት በ«እነሆ ተወዛዋዦቻችን» ውስጥ ቀሩ።

በአንድ ነገር ደግሞ ከኛ በፊት የነበሩትም ተሳስተዋል ብል እንዳትቆጡኝ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ፣ የፋሽን ትርኢት ሊታይ ነው ተብሎ ተማሪው ወጣ፤ ጮኸ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጨ። ስለ ባህል ወረራና ስለ ኢምፔሪያሊዝም ብዙ ተጻፈ። የተጻፈውን አከብራለሁ። ልብሱን ለብሰው ሊታዩ የነበሩት ግን የዚያው ግቢ ሴት ተማሪዎች ናቸው፤ በወረቀቱ ሁሉ ውስጥ የነሱን ድምፅ ፈልጋችሁ እስቲ አግኙልኝ። ስለ ሴት ልጅ አካል ሲከራከሩ ሴቲቱን አለመጠየቅ የቆየ ልማዳችን ነው። እኛም በጃምቦ ደገምነው።

እንዲያውም ከዚያም የቆየ ነው። ሄሮድስ ልደቱን ሲያከብር፣ እራት ሲበላ፣ በፊቱ የጨፈረችውን ልጅ አስቡ። ከግብሩ ላይ የነበሩት መኳንንት ተጠቅሰዋል፤ እናቲቱ በስሟ ተጠርታለች፤ የተቆረጠው ራስ የማን እንደሆነ ዓለም ያውቃል። ጨፋሪዋ ግን በማቴዎስም በማርቆስም «የሄሮድያዳ ልጅ» ብቻ ናት። ሰሎሜ መባሏን የምናውቀው ከታሪክ ጸሐፊው ከዮሴፈስ ነው። እራትና ጭፈራ አንድ ላይ በቀረቡበት ገበታ የጨፋሪዋ ስም እንደሚጠፋ ከዚያ ጀምሮ የተለመደ ይመስላል።

«ስም ምን ያደርጋል? ስም አይበላም» የሚለኝ አለ። ከዶርሜ ልጆች ሁለቱ ብለውኛል። አይበላም። ነገር ግን ስም የሌለው ሰው ደመወዝ ጨምሩልኝ ሲል ማን ጠየቀ ይባላል? በድሮው ካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ገጣሚው በዚያች መስመር ብቻ አልጠገበም፤ ግን ሌላ ዘፋኝ ግጥም ሲፈልግ የማንን በር እንደሚያንኳኳ አወቀ። አጭሯን ልጅ ከዚያ ቤት ቢያባርሯት፣ አሥር ዓመት መሥራቷን በምን ታስረዳለች? ትከሻዋን አሳይታ?

ሕጉም የለም አትበሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጽሑፍ ያልተደረገ የሥራ ውል ሲኖር አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር በፊርማው አጽፎ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የሚወዛወዘውን ሰው ከከዋኝ ይቆጥረዋል፤ መብት አለው ይላል። እኛ በስልክ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ ስንለጥፈው ከላይ የጻፍነው የምግብ ቤቱን ስም ነው። ከኛ አንዱ እዚያው ግሮሰሪ ውስጥ ሆኖ ለጥፎት ነበር። አሳየናት። አየችውና «ዶቃው ይታያል» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። ልጁ ሊያጠፋው ሲል «ተወው፣ ጥሩ ጨፍሬያለሁ» አለችው።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አስቤባታለሁ። ጥሩ ጨፍሬያለሁ። እኛ ስለ ኦሪጅናል ስንከራከር እሷ የምትለካው በሌላ ሚዛን ነው፤ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሥራዬ ጥሩ ነበር ወይስ አልነበረም በሚል። ወንድማችን በጽሑፉ ውስጥ አንድም ጊዜ ተወዛዋዦቹ ጎበዞች መሆን አለመሆናቸውን አልነገረንም። ባህል ሲሆን ጎበዝና ሰነፍ የለውማ! ዝናብ ነው፤ ይዘንባል። ሥራ ነው ያልን እንደሆነ ግን ጎበዙን ከሰነፉ መለየት፣ ለጎበዙ መክፈል፣ ስሙንም መያዝ ግድ ይሆናል።

ሰርቪሱ ጥሩምባ ነፋ። ከመሄዷ በፊት ስሟን ጠየቅናት፤ ነገረችን። እዚህ ልጽፈው ፈልጌ ነበር። «ተው ወንድሜ፣ ሥራዬን ታስወጣኛለህ» አለችኝ። ስለዚህ አልጽፈውም። ስለ ስም የተጻፈ ጽሑፍ ያለ ስሟ መውጣቱ ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ማታ በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት ከካፌው በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አየሁት። የግቢያችን የባህል ቡድን በወሩ መጨረሻ ትርኢት ያቀርባል። የክብር እንግዳው ስም አለ። የዲኑ ስም አለ። ለስላሳ መጠጥ የሰጠው ድርጅት ስም ከሁሉ በደመቀ ቀለም አለ። ከታች ምን የተጻፈ ይመስላችኋል? «በባህል ቡድናችን ተወዛዋዦች»። ይህ ቦሌ አይደለም፤ ፈረንጅም የለበትም፤ ነጋዴም የለበትም። ይህን የጻፍነው እኛ ነን።

ማክሰኞ ወደ ልምምዳቸው ሄጄ ጠየቅሁ። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱ አንደኛ ዓመት ናቸው፤ አንዱ የኔው ክፍል ልጅ ሆኖ ሳለ መጨፈሩን አላውቅም ነበር። የአሥሩን ስም በእስክሪፕቶ ማስታወቂያው ላይ ጽፌዋለሁ። ዘበኛው አይቶኝ ምንም አላለም። ሁለቱ ያን ቀን አልነበሩም፤ የሚያውቃቸው ካለ ከታች ቦታ ትቻለሁና ይጨምርበት።